የታተመ መጽሐፍ ወይስ ኢ-ሪደር? ለአማርኛ አንባቢ የተዘጋጀ የንጽጽር መመሪያ

ኢ-ሪደር፣ ማለትም የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ መሣሪያ ልግዛ ወይስ በወረቀት መጽሐፍ ልቀጥል የሚለው ጥያቄ በእንግሊዝኛ ብቻ ለሚያነብ ሰውና በአማርኛ ለሚያነብ ሰው አንድ ዓይነት መልስ የለውም። ኢንተርኔት ላይ የሚገኙት አብዛኞቹ ንጽጽሮች የተጻፉት የፈለጉትን መጽሐፍ ቤታቸው ተቀምጠው በደቂቃ ውስጥ መግዛት ለሚችሉ አንባቢዎች ስለሆነ፣ ክርክሩን በባትሪ ዕድሜ፣ በስክሪን ጥራትና በወረቀት ሽታ ዙሪያ ያደርጉታል። የአማርኛ አንባቢ ግን ከዚያ አስቀድሞ ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ አለው፤ ይኸውም ማንበብ የምፈልገው መጽሐፍ በምን መልክ ይገኛል የሚል ነው። ይህን ሳያጣሩ የተገዛ መሣሪያ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ጥቂት ሳምንታት አገልግሎ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል።

በዚህ መመሪያ የሚነጻጸሩት አራት አማራጮች ናቸው። የመጀመሪያው የታተመ መጽሐፍ ነው። ሁለተኛው እንደ ኪንድልና ኮቦ ያለ ባለ 6 ወይም ባለ 7 ኢንች ኢ-ሪደር ነው። ሦስተኛው እንደ ቡክስ ያለ፣ በአንድሮይድ የሚሠራና ስክሪኑ ወደ 10 ኢንች የሚጠጋ ትልቅ ኢ-ሪደር ነው። አራተኛው አብዛኞቻችን አስቀድመን በእጃችን የያዝነው ስልክ ወይም ታብሌት ነው። የድምፅ መጻሕፍትና የሬዲዮ ትረካ የራሳቸው ትልቅ ጥቅም ቢኖራቸውም ማዳመጥ ሌላ ጉዳይ ስለሆነ እዚህ አልተካተቱም።

መመዘኛዎቹና ቅደም ተከተላቸው

አማራጮቹን የምመዝናቸው በስድስት ነገሮች ነው፤ ቅደም ተከተላቸውም የክብደታቸው ደረጃ ነው። አንደኛ፣ የሚነበቡት መጻሕፍት በሕጋዊ መንገድና በሚነበብ ጥራት ይገኛሉ ወይ? ሁለተኛ፣ የአማርኛ ፊደል በትክክልና በበቂ መጠን ይታያል ወይ? ሦስተኛ፣ ረጅም ሰዓት ለሚያነብ ዓይን፣ ለትኩረትና ለእንቅልፍ ይመቻል ወይ? አራተኛ፣ በሁለትና በሦስት ዓመት ሲታሰብ ጠቅላላ ወጪው ስንት ነው? አምስተኛ፣ መጽሐፉ የእኔ ነው ወይ፤ ማለትም ማዋስ፣ መሸጥና ለልጅ ማውረስ እችላለሁ ወይ? ስድስተኛ፣ ለጉዞ፣ ለመብራት መጥፋትና ለረጅም ዘመን ይመቻል ወይ?

ክብደትና የባትሪ ዕድሜ በብዙ ንጽጽሮች ፊት ለፊት ሲቀመጡ እዚህ መጨረሻ ላይ የመጡት ሆን ተብሎ ነው። ለሳምንታት የሚቆይ ባትሪ ጥቅም የሚኖረው የሚነበብ ነገር ሲኖር ነው።

የታተመ መጽሐፍ

በመጀመሪያው መመዘኛ የታተመ መጽሐፍን የሚወዳደረው የለም። በአማርኛ የተጻፈው የልቦለድ፣ የግጥም፣ የታሪክና የሃይማኖት ሥራ አብዛኛው ዛሬም የሚገኘው በወረቀት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከመጻሕፍት መደብሮች ባሻገር በክንዳቸው ላይ ደርድረው የሚዞሩ መጽሐፍ አዟሪዎችና ያገለገሉ መጻሕፍት የሚሸጡባቸው መደቦች አሉ፤ ከኅትመት የወጣ መጽሐፍ የሚፈልግ ሰው ውሎ አድሮ የሚያገኘው ከእነዚህ ነው። መግዛት ለማይችል ደግሞ በ1936 ዓ.ም. የተመሠረተው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት፣ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት እንዲሁም የትምህርት ቤትና የክፍለ ከተማ ቤተ መጻሕፍት አሉ።

በትኩረትና በመረዳት ረገድም ወረቀት በጥናት የተደገፈ ብልጫ አለው። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመና 54 ጥናቶችን፣ ከ170,000 በላይ ተሳታፊዎችን ያሰባሰበ ትንተና እንዳሳየው፣ አንባቢዎች አንድን ጽሑፍ ከስክሪን ይልቅ ከወረቀት ሲያነቡ የተሻለ ይረዱታል። ልዩነቱ የታየው በተለይ መረጃ ሰጪ ጽሑፎች ላይና የንባብ ጊዜው ሲገደብ ነው፤ በትረካ ላይ ግን ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። እዚህ ላይ መስተዋል ያለበት ከተመረመሩት ስክሪኖች ብዙዎቹ የኮምፒውተርና የታብሌት መሆናቸው ስለሆነ፣ ውጤቱን እንዳለ ወደ ኢ-ሪደር ማዞር አይገባም። ለፈተና የሚዘጋጅ ተማሪ ግን ዋናውን መማሪያ በወረቀት ቢይዝ የሚያመዝን ምክንያት አለው። በኅዳጉ ላይ በእርሳስ መጻፍ፣ ሦስት ቦታ ላይ ጣት አስገብቶ ወዲያና ወዲህ እያሉ ማመሳከር፣ አንድ ሐሳብ በግራ ገጽ ከታች እንደነበር ማስታወስ በወረቀት ላይ ያለ ምንም ልምምድ የሚገኙ ነገሮች ናቸው።

ባለቤትነቱም ሙሉ ነው። የተገዛ መጽሐፍ ይዋሳል፣ ይሸጣል፣ በስጦታ ይሰጣል፣ በቤተሰብ ውስጥ እናትም ልጅም አክስትም ያነቡታል። በእኛ አገር አንድ ቅጂ ስንት እጅ እንደሚዞር ለሚያውቅ ሰው የአንድ መጽሐፍ እውነተኛ ዋጋ በሽፋኑ ጀርባ ከተጻፈው በብዙ ያነሰ ነው።

ድክመቶቹን መደበቅ ግን አይገባም። የመጀመሪያው የፊደል መጠን ነው። አሳታሚዎች ገጽ ለመቆጠብ ሲሉ በጣም ደቃቅ ፊደል የሚጠቀሙባቸው መጻሕፍት ጥቂት አይደሉም፤ ዓይናቸው የደከመ ሰዎች መነጽር ለውጠውም ይቸገራሉ። ሁለተኛው የጥራዝ ጥራት ነው። በሙጫ ብቻ የተያያዘ ወፍራም መጽሐፍ ደጋግሞ ሲገለጥ ከመሐል ይሰነጠቅና ቅጠሎቹ ይረግፋሉ፤ ስለዚህ ለዓመታት የሚፈለግ መጽሐፍ ሲገዛ ጀርባውን አይቶ በክር የተሰፋውን መምረጥ፣ ካልተገኘም ወዲያው ወደ ጠራዥ መውሰድ ይበጃል። ሦስተኛው ክብደት ነው። በኤ5 መጠን፣ በ80 ግራም ወረቀት የታተመ ባለ 400 ገጽ መጽሐፍ ወረቀቱ ብቻ ግማሽ ኪሎ ገደማ ይመዝናል። እንዲህ ያሉ አሥር መጻሕፍት ከ5 ኪሎ በላይ ናቸው፤ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ዱባይ ወይም ወደ ዋሽንግተን ለሚሄድና ሻንጣው በርበሬ፣ ሽሮና የዘመድ አደራ ለያዘ ሰው ይህ ቀላል አይደለም። እርጥበት፣ ምስጥና አይጥም በየቤቱ የታወቁ የመጽሐፍ ጠላቶች ናቸው።

ባለ 6 እና ባለ 7 ኢንች ኢ-ሪደር

ኢ-ሪደርን ከስልክ የሚለየው ስክሪኑ ነው። ኢ-ኢንክ የሚባለው ይህ ስክሪን የፀጉር ውፍረት በሚያህሉ ጥቃቅን እንክብሎች የተሞላ ሲሆን፣ በእያንዳንዱ እንክብል ውስጥ ነጭና ጥቁር ቅንጣቶች አሉ። የኤሌክትሪክ ኃይል ሲያገኙ ነጮቹ ወይም ጥቁሮቹ ወደ ላይ ይወጡና ፊደሉን ይሠራሉ፤ ከዚያ በኋላ ገጹ እስኪቀየር ድረስ ኃይል አይፈጅም። ባትሪው ለሳምንታት የሚቆየው በዚህ ምክንያት ነው። ገጹም እንደ ወረቀት የሚታየው የውጭ ብርሃን ሲያርፍበት ስለሆነ ቀትር ፀሐይ ላይ ይበልጥ ይጠራል። ለጨለማ ጊዜ የተገጠሙት መብራቶች ብርሃናቸውን የሚያሳርፉት ከጎን በገጹ ላይ ነው እንጂ እንደ ስልክ ከኋላ ወደ ዓይን አይደለም። ማታ መብራት ሲጠፋ ሻማ ሳይለኮስ ማንበብ የሚቻለው በዚህ መሣሪያ ነው፤ በዚህ አንድ ነገር ወረቀትን በግልጽ ይበልጣል።

በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛ ወይም በጀርመንኛ ብዙ ለሚያነብ ሰው ይህ መሣሪያ እጅግ ጠቃሚ ነው። ክብደቱ 200 ግራም አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ነው፣ በሺህ የሚቆጠሩ መጻሕፍት ይይዛል፣ ያልታወቀ ቃል ላይ ጣት ሲያርፍ ፍቺው ይመጣል፣ የፊደሉ መጠን እንደ ዓይን አቅም ይጨምራል። አዲስ አበባ ውስጥ የማይገኝ የሙያ መጽሐፍ በወጣበት ቀን ይደርሳል።

አማርኛ ላይ ግን ጉዳዩ የተለየ ነው፤ ገዢው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት የሚከተለውን በደንብ ሊረዳ ይገባል። የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ኢፐብ እንደሚባለው ያለ፣ ጽሑፉ ከስክሪኑ ስፋት ጋር ራሱን የሚያስተካክልና ፊደሉ የሚያድግ የሚያንስ ፋይል ነው። ሁለተኛው ገጹ እንደታተመ የሚቀር ፒዲኤፍ ነው። በተለምዶ ሶፍት ኮፒ ተብሎ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፈው የአማርኛ መጽሐፍ በአመዛኙ ፒዲኤፍ ነው፤ ብዙውም ስካን የተደረገ፣ ማለትም የገጹ ፎቶግራፍ ነው።

ይህ በ6 ኢንች ስክሪን ላይ ምን እንደሚያስከትል በቁጥር ማየት ይቻላል። የስክሪኑ ስፋት 9 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 12 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የኤ5 መጽሐፍ ገጽ 14.8 በ21 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ሙሉ ገጹ እንዲታይ ወደ 60 በመቶ ገደማ መጠበብ አለበት፤ በ11 ፎንት የታተመው ፊደል ከ7 በታች ሆኖ ይታያል። በኤ4 የተዘጋጀ ጽሑፍ ከሆነ ደግሞ 12 የነበረው ፊደል ከ5 ብዙም አይበልጥም። በላቲን ፊደል ይህ ያስቸግራል፤ በእኛ ፊደል ግን ከማስቸገርም ያልፋል፤ ምክንያቱም ብዙ ሆሄያት የሚለያዩት በአንዲት ትንሽ ቅጥያ ነው። ሉ እና ሊን፣ ቱ እና ቲን ጎን ለጎን አድርገው ይመልከቱ፤ ቅጥያዋ ከቀኝ በኩል መሐል ላይ ከሆነች ካዕብ፣ እግር ሥር ከሆነች ሣልስ ነው። ስካኑ የደበዘዘና ገጹ የጠበበ እንደሆነ ይህች ቅጥያ ከወረቀቱ ቆሻሻ ጋር ትቀላቀላለች፤ አንባቢውም እያነበበ ሳይሆን እየገመተ ይሄዳል። ገጹን አጉልቶ ወዲያና ወዲህ መግፋት ይቻላል፤ ኢ-ኢንክ ግን ለውጡን የሚያሳየው በዝግታ ስለሆነ ከአሥር ገጽ በላይ የሚታገሠው ሰው ጥቂት ነው።

ሁለተኛው ችግር ፎንት ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛው እትም ነው። ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ መጻሕፍት የተተየቡት እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ፣ የራሳቸው አሠራር በነበራቸው ፎንቶች ነው። እንዲህ ያለውን ፋይል ወደ ኢፐብ ሊለውጥ የሞከረ ሰው የሚያገኘው የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ክምር ነው፤ መጀመሪያ በመለወጫ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ መመለስ አለበት። ፋይሉ በዩኒኮድ የተዘጋጀ ሆኖም መሣሪያው ላይ ፊደሉ በባዶ ሳጥን ተተክቶ ከታየ፣ በነጻ የሚገኙትን አቢሲኒካ ኤስ.አይ.ኤል. ወይም ኖቶ የተባሉትን የኢትዮጵያ ፊደል ፎንቶች በኬብል ወደ መሣሪያው የፎንት ማኅደር መገልበጥ ነው፤ ኮቦም የቅርብ ጊዜ ኪንድሎችም ይህን ይፈቅዳሉ።

በጥንቃቄ ያልተዘጋጀ ኢፐብም የራሱ ጣጣ አለው። ጸሐፊው ከአራት ነጥብ በፊት ክፍተት ከተወ፣ መስመሩ ሲሞላ አራት ነጥቡ ብቻውን ወደሚቀጥለው መስመር መጀመሪያ ይወርዳል። የአማርኛ ግስ ቅድመ ቅጥያና ድኅረ ቅጥያ እየደራረበ ስለሚረዝም፣ ፊደሉ አድጎ መስመሩ ከሁለቱም ጎን እኩል እንዲሆን ሲደረግ በቃላቱ መካከል ሰፋፊ ቀዳዳዎች ይፈጠራሉ። ለዚህ መፍትሔው ቀላል ነው፤ በቅንብሩ ውስጥ መስመሩን ወደ ግራ ብቻ እንዲሰለፍ ማድረግ ነው። በአንጻሩ አማርኛ መዝገበ ቃላትና የአማርኛ ቁልፍ ሰሌዳ አብረው ስለማይመጡ፣ በአማርኛ ቃል መፈለግም ሆነ በአማርኛ ማስታወሻ መጻፍ አይቻልም።

ባለቤትነትን በተመለከተ፣ ከትልልቅ የኢንተርኔት መደብሮች የሚገዛ የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ በአብዛኛው የንባብ ፈቃድ እንጂ ንብረት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 ኪንድልን የሚሸጠው አማዞን በመብት ጉዳይ ምክንያት የሸጣቸውን መጻሕፍት ከደንበኞች መሣሪያ ላይ ከርቀት ሰርዟል፤ ለድርጊቱም ይቅርታ ጠይቋል። እ.ኤ.አ. በ2019 ማይክሮሶፍት የመጻሕፍት መደብሩን ሲዘጋ ለገዢዎች ገንዘባቸውን መለሰ፤ መጻሕፍቱ ግን ጠፉ። እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2025 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ አማዞን የተገዛን የኪንድል መጽሐፍ ወደ ኮምፒውተር አውርዶ በኬብል ማስተላለፍ የሚያስችለውን አማራጭ አቋርጧል። ለአንድ ጊዜ ንባብ የሚሆን መጽሐፍ ከሆነ ይህ ብዙም አያሳስብ ይሆናል። ለልጅ ልጅ ይቆይ ለሚሉት መጽሐፍ ግን በእኔ ግምት ወረቀትን የሚተካ ነገር አልተገኘም።

አሁን ወደ ወጪው እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው መነሻ ኪንድል በአሜሪካ 110 ዶላር፣ ባለ 7 ኢንቹ ኪንድል ፔፐርዋይት 160 ዶላር፣ ኮቦ ክላራ ጥቁርና ነጩ 130 ዶላር ነበር የቀረበው። ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በዓመቱ ከ130 ብር በላይ ስለደረሰ፣ አገር ውስጥ ለሚኖር ገዢ የመሣሪያው ዋጋ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። በእርግጥ ወረቀትም ከውጭ ስለሚገባ የታተመ መጽሐፍም ተወድዷል። ስሌቱን እያንዳንዱ ሰው በራሱ ቁጥር ሊያደርገው ይችላል፤ ለምሳሌ መሣሪያው እጅ እስኪገባ 20,000 ብር ቢፈጅና በእያንዳንዱ መጽሐፍ 200 ብር ቢያተርፍ፣ ወጪውን የሚመልሰው ከ100 መጻሕፍት በኋላ ነው። በወር አንድ መጽሐፍ ለሚያነብ ይህ ከስምንት ዓመት በላይ ነው፤ የመሣሪያው ባትሪ ከዚያ በፊት ሊደክም ይችላል። በወር አራት መጽሐፍ ለሚጨርስ ግን ወደ ሁለት ዓመት ይወርዳል። በዚህ ላይ ከውጭ መደብር ለመግዛት በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ያስፈልጋል፤ የሌለው ሰው ዘመድ እየለመነ መግዛቱን ከወዲሁ ሊያስብበት ይገባል።

ባለ 10 ኢንች ትልቅ ኢ-ሪደር

የ10.3 ኢንች ስክሪን 15.7 በ20.9 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ይህም ከኤ5 ገጽ ጋር ተመሳሳይ ነው ማለት ይቻላል። በዚህ ምክንያት አብዛኛው የአማርኛ መጽሐፍ ፒዲኤፍ በታተመበት መጠን፣ ሳይጠብና ሳይገፋ ይነበባል። መሣሪያው በአንድሮይድ ስለሚሠራ አገር ውስጥ የተሠሩ የመጻሕፍት መተግበሪያዎችንና የአማርኛ ቁልፍ ሰሌዳ መጫን ይቻላል፤ በብዙዎቹ ላይ በብዕር ገጹ ላይ መጻፍም ይቻላል። አማርኛን በቁም ነገር በኤሌክትሮኒክ መልክ ማንበብ ለሚፈልግ፣ በተለይም የቆዩ ጽሑፎችን ለሚያጠና ተመራማሪ የምመርጠው ይህን ነው።

ዋጋው ግን እ.ኤ.አ. በ2024 ከወጡት መካከል እንኳ 380 ዶላርና ከዚያ በላይ ነበር። በአንድ እጅ ተኝቶ ለማንበብ አይመችም፣ ስክሪኑ በቀላሉ ይሰበራል፣ አንድሮይድ በመሆኑም ባትሪው እንደ ኪንድል አይቆይም። ለልቦለድ ብቻ የሚገዛ መሣሪያ አይደለም።

ስልክና ታብሌት

ተጨማሪ ወጪ የለውም፣ አማርኛን ያለ ችግር ያሳያል፣ ሁልጊዜ ኪስ ውስጥ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ፣ ቁርኣን፣ መዝገበ ቃላት፣ አጭር ልቦለድና ጽሑፍ ለማንበብ ከበቂ በላይ ነው፤ ታክሲ ሰልፍ ላይ ያለችውን ግማሽ ሰዓት የሚያድንም እሱ ነው። የአገር ውስጥ መተግበሪያዎች ክፍያን በብር መቀበላቸውም የካርዱን ችግር ይፈታል።

ለረጅም ንባብ ግን ሁለት ነገሮች ይቃወሙታል። አንደኛው በየደቂቃው የሚገባው መልእክት ነው። ሁለተኛው ብርሃኑ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ በወጣ የቦስተን ጥናት ከመተኛታቸው በፊት ብርሃን ከሚያወጣ ታብሌት ያነበቡ ሰዎች ከወረቀት ሲያነቡ ከነበረው ወደ 10 ደቂቃ ዘግይተው እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ተሳታፊዎቹ 12 ብቻ ስለነበሩና ብርሃኑ እስከ መጨረሻ የተከፈተ ስለነበር ውጤቱን ማጋነን አይገባም፤ ማታ የሚያነብ ሰው ግን ብርሃኑን ዝቅ ማድረጉ ይጠቅመዋል።

እዚህ ላይ ስለ ቴሌግራም አንድ ነገር ሳይባል ማለፍ አይቻልም። በሞባይል የሚነበበው የአማርኛ መጽሐፍ ብዙው ያለ ደራሲው ፈቃድ ስካን ተደርጎ የተሠራጨ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ከሕጉም በላይ፣ የራሱን ገንዘብ አውጥቶ የሚያሳትም ደራሲ የመጀመሪያው እትም ሳይሸጥ መጽሐፉ በነጻ ሲዞር ሁለተኛ መጽሐፍ የሚጽፍበት አቅም ያጣል። ስለዚህ በዚህ ንጽጽር ነጻ ስካን እንደ ወጪ ቁጠባ አልተቆጠረም፤ ነጻ መሆኑን ታሳቢ አድርጎ መሣሪያ የሚገዛ ሰውም ስሌቱን ደግሞ ቢያየው ደስ ይለኛል።

ማጠቃለያ ሠንጠረዥ

| መመዘኛ | የታተመ መጽሐፍ | ባለ 6–7 ኢንች ኢ-ሪደር | ባለ 10 ኢንች ኢ-ሪደር | ስልክ/ታብሌት |
|---|---|---|---|---|
| የአማርኛ መጻሕፍት መገኘት | ከሁሉ የተሻለ | በጣም ውስን | መካከለኛ፣ በመተግበሪያና በፒዲኤፍ | መካከለኛ፣ በመተግበሪያ |
| የውጭ ቋንቋ መጻሕፍት መገኘት | ውስንና ውድ | ከሁሉ የተሻለ | በጣም ጥሩ | በጣም ጥሩ |
| የአማርኛ ፊደል አታያየት | ጥሩ፤ መጠኑ አይቀየርም | በኢፐብ ጥሩ፣ በፒዲኤፍ ደካማ | በሁለቱም ጥሩ | በኢፐብ ጥሩ፣ በፒዲኤፍ ስልክ ላይ ደካማ |
| ለዓይን፣ ለትኩረትና ለእንቅልፍ | በጣም ጥሩ | በጣም ጥሩ | ጥሩ | ደካማ |
| የመነሻ ወጪ | ዝቅተኛ | ከ110 ዶላር ጀምሮ (እ.ኤ.አ. በ2024) | ከ380 ዶላር አካባቢ ጀምሮ (እ.ኤ.አ. በ2024) | ካለ የለም |
| ማዋስ፣ መሸጥ፣ ማውረስ | ይቻላል | በአብዛኛው አይቻልም | በአብዛኛው አይቻልም | በአብዛኛው አይቻልም |
| ጉዞ | ከባድ | በጣም ምቹ | ምቹ፣ ጥንቃቄ ይፈልጋል | በጣም ምቹ |
| መብራት ሲጠፋ ማታ | ሌላ ብርሃን ይፈልጋል | ይነበባል | መብራት ካለው ይነበባል | ባትሪው እስካለ |

ለማን የቱ ይሻላል?

አገር ቤት የሚኖርና ንባቡ በአብዛኛው የአማርኛ ልቦለድ፣ ታሪክና ግጥም የሆነ ሰው በወረቀት ይቀጥል። ለመሣሪያ ያሰበውን ገንዘብ በየወሩ አዲስ መጽሐፍ ለመግዛት ቢያውለው የተሻለ ያነባል። በጀቱ ጠባብ ከሆነ ያገለገሉ መጻሕፍትንና ቤተ መጻሕፍትን ያጣምር፤ ሁለት ሦስት ጓደኛሞች ተነጋግረው የተለያየ መጽሐፍ ገዝተው ቢለዋወጡም ወጪው ይከፋፈላል።

ሥራው ወይም ትምህርቱ በእንግሊዝኛ የሆነ ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ የሕግ ባለሙያ ወይም መምህር ባለ 6 ወይም ባለ 7 ኢንች ኢ-ሪደር ቢገዛ አይቆጭም። ሥዕላዊ መግለጫና ቀመር የበዛበትን መጽሐፍ ግን በትንሽ ስክሪን አይሞክር። ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ ምክሬ የተለየ ነው፤ የሚፈተንበትን ምዕራፍ አሳትሞ ወይም ኮፒ አስደርጎ በወረቀት ያጥና፣ ተጨማሪ ንባቡን በስልክ ወይም በታብሌት ያድርግ፣ ኢ-ሪደሩን ደመወዝ እስኪያገኝ ያቆየው።

ዕድሜያቸው ገፍቶ ዓይናቸው ለደከመ እናትና አባት ኢ-ሪደር ሲታሰብ ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፤ የሚወዱት ጽሑፍ ፊደሉ በሚያድግ ፋይል ይገኛል ወይ? መጽሐፍ ቅዱስና መዝሙረ ዳዊት በዩኒኮድ ስለሚገኙ ለእነሱ ሊሆን ይችላል። ፋይሉን የሚጭንና ሲበላሽ የሚያስተካክል ልጅ በቅርብ ከሌለ ግን በትልልቅ ፊደል የታተመ መጽሐፍና ጥሩ የንባብ መብራት ይሻላቸዋል።

በአሜሪካና በአውሮፓ ለሚኖሩ ሁለቱንም መያዝ ያዋጣል። በአሜሪካ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አባልነት ካርድ ሊቢ በተባለው መተግበሪያ አማካይነት የእንግሊዝኛ መጻሕፍትን በነጻ ወደ ኪንድል መዋስ ያስችላል፤ ከአሜሪካ ውጭ ያለ ሰው ግን ይህ የኪንድል አገልግሎት ስለማይሰጠው ኦቨርድራይቭ የተባለው ከቤተ መጻሕፍት መዋሻ አገልግሎት የተገጠመለትን ኮቦ ቢመርጥ ይሻለዋል። ለአማርኛው እንደ ዋሽንግተን ዲሲና ሲያትል ባሉ ከተሞች የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የአማርኛ የታተሙ መጻሕፍት ስላላቸው መጠየቅ ነው፤ ከአገር ቤት የሚመጣ ዘመድም ሁለት ሦስት መጽሐፍ ይዞ ቢመጣ ከሌላው ጓዝ ይልቅ ይቆያል። ልጆች ፊደል የሚቆጥሩበት መጽሐፍ በወረቀት ይሁን። ጣታቸውን ከሆሄ ሆሄ እያሳረፉ ሲሄዱ ገጹ የማይገለበጥባቸው፣ ቢያቆሽሹትም የማያስቆጣ መሆን አለበት።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች በአሠሪ ቤት ለሚኖሩ እኅቶች የግል ቦታና የሻንጣ ኪሎ ጠባብ ስለሆነ ስልክ ከሁሉ ቀዳሚ ነው። ከዕረፍት ሰዓት በፊት ዋይፋይ ባለበት መጽሐፉን አውርዶ፣ ከዚያ ኢንተርኔቱን አጥፍቶ ማንበብ ዳታም ትኩረትም ይቆጥባል። ደጋግመው የሚያነቡትን አንድ መጽሐፍ ግን በወረቀት ይያዙ።

ከመክፈልዎ በፊት የሚደረግ ፍተሻ

ኢ-ሪደር ለመግዛት የወሰነ ሰው አስቀድሞ በሚቀጥሉት ሦስት ወራት ሊያነባቸው የሚፈልጋቸውን አሥር መጻሕፍት በወረቀት ላይ ይጻፍና ስንቱ በኢፐብ፣ ስንቱ በፒዲኤፍ፣ ስንቱ በወረቀት ብቻ እንደሚገኙ ያጣራ። ስድስትና ከዚያ በላይ የሚሆኑት በኢፐብ ካልተገኙ ትንሹን መሣሪያ አይግዛ። ቀጥሎ አንድ የአማርኛ ኢፐብና አንድ የተለመደ ፒዲኤፍ በፍላሽ ወይም በኢሜይል ይዞ፣ ሱቁ ከፈቀደ መሣሪያው ላይ ከፍቶ አምስት ገጽ ያንብብ። ፊደሉ በሳጥን ተተክቶ እንደሆነ፣ ሉ ከሊ መለየቱን፣ አራት ነጥቡ በቦታው መሆኑን ይይ።

ያገለገለ መሣሪያ ከሆነ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ገጹን ሃያ ጊዜ ያህል ቢገልጡት የማይጠፋ መስመር ወይም ጥላ ካለ ስክሪኑ ተጎድቷል፤ የስክሪን ቅያሪ ዋጋ ደግሞ ከአዲስ መሣሪያ ብዙም አይርቅም። የቀድሞው ባለቤት አካውንቱን ከመሣሪያው ላይ ማውጣቱን እዚያው በዓይን ማየት ያስፈልጋል፤ ጠፍቷል ወይም ተሰርቋል ተብሎ የተመዘገበ ኪንድል በአዲስ ስም መመዝገብ አይቻልምና፣ የራስዎን አካውንት አስገብተው ከገባልዎ በኋላ ብቻ ገንዘቡን ያስረክቡ።